በያናካ፣ ስምንት ወንበር ያለው ሱሺ ቤት

ቶኪዮ ከገባሁ አራተኛ ቀኔ ነበር። እስከዚያ ድረስ ሱሺ፣ ማለትም አቼቶ በገባበት ሩዝ ላይ ዓሣ የሚቀመጥበትን የጃፓን ምግብ፣ የበላሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳህኑ በሚንቀሳቀስ ቀበቶ ላይ እየተንሸራተተ ፊቴ ሲደርስ እያነሳሁ። እንዲህ ዓይነቱን ቤት ሺራይሺ ዮሺያኪ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1958 ኦሳካ አጠገብ ከፈተ፤ ሐሳቡ የመጣለትም ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ጠርሙሶች በቀበቶ ሲጓዙ አይቶ ነው ይባላል። ፈጣን ነው፣ ርካሽ ነው፣ ልጆች የያዘ ቤተሰብ ደስ ብሎት ይበላበታል። ከሁለቱም ቤት ጠግቤ ወጣሁ። ግን ምግቡን የሠራውን ሰው አላየሁም። ሱሺ ደግሞ ሠሪውን ፊት ለፊት እያዩ የሚበሉት ምግብ መሆኑን ሰምቼ ነበርና፣ በአራተኛው ቀን ያንን ፍለጋ ወጣሁ።

ኒፖሪ ጣቢያ ላይ ከያማኖቴ ባቡር ወረድኩ። በምዕራብ በኩል ወጥተው ጥቂት እንደተራመዱ «ዩያኬ ዳንዳን» የሚሉት ደረጃ ይገኛል፤ የጀንበር መጥለቂያ ደረጃ እንደማለት ነው። ኅዳር ላይ የቶኪዮ ፀሐይ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች፣ እኔም የደረስኩት በዚያው ሰዓት ነበር። ከደረጃው ራስ ላይ ሆነው ሲያዩ ያናካ ጊንዛ የተባለው የገበያ መንገድ ከእግር በታች ይዘረጋል። ርዝመቱ 170 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ሻይ ቅጠል የሚሸጡ፣ የቀርከሃ ዕቃ የሚሸጡ፣ የተፈጨ ሥጋ በዳቦ ፍርፋሪ ሸፍነው የሚጠብሱ ልኳንዳዎች፤ ወረፋው ሁሉ የሰፈር ሰው ነው። ያናካ እ.ኤ.አ. ከ1923ቱ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥም ሆነ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአየር ድብደባ ከብዙው የቶኪዮ ሰፈር በተሻለ ተርፏል። ስለዚህ ቤቶቹ ዝቅ ዝቅ ያሉ፣ መንገዶቹ ጠባብ፣ ቤተ መቅደሶቹም ብዙ ናቸው።

ሱሺ ቤቱ ግን ገበያው መንገድ ላይ አይደለም። ወደ ጎን በሚታጠፍ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ለማሳለፍ በሚጠብ ቅያስ ውስጥ ነው። ደጃፉ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ኖረን ይሉታል፤ ከተሰቀለ ቤቱ ክፍት ነው፣ ከወረደ ዝግ ነው። ወደ ውስጥ የሚያሳይ መስኮት የለም፣ ዋጋም አልተለጠፈም። ሁለት ጊዜ አልፌው ሄድኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ስመለስ ዘምቢል የያዙ አንዲት ባልቴት ተንሸራታቹን በር ከፍተው ቆሙና፣ ቀድሜያቸው እንድገባ በእጃቸው አመለከቱኝ።

ስምንት ወንበር፣ አንድ ረጅም የእንጨት ባንኮኒ፣ ከባንኮኒው ወዲያ ነጭ የለበሱ አንድ ሽማግሌ። ደንበኞቻቸው «ታይሾ» ይሏቸዋል፤ እኔም እንደዚያው ልበላቸው። ሻይ የሚያቀርቡት ባለቤታቸው ናቸው። ሌላ ሠራተኛ የለም። ገና ስገባ ያስተዋልኩት ሽታውን ነው። ቤቱ ዓሣ ዓሣ አይልም። የሚሸተው ለብ ያለ ሩዝና አቼቶ ነው። ሽቶ ተቀብቶ እንዲህ ያለ ቤት መግባት ነውር የሚሆነው ለምን እንደሆነ እዚያው ገባኝ፤ ስምንት ሰው አንድ አየር ነው የሚተነፍሰው።

ባልቴቷ ከአጠገቤ ተቀመጡ። በወጣትነታቸው መርከብ ኩባንያ ውስጥ ይሠሩ ስለነበር እንግሊዝኛ ይችላሉ፤ ቃል እየመረጡ፣ ቀስ እያሉ ነው የሚናገሩት። አዘዛዙን ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። የሚፈልጉትን አንድ በአንድ እየጠሩ መብላት «ኦኮኖሚ» ይባላል። ምርጫውን ለሠሪው መተው «ኦማካሴ» ነው፤ በውጭ አገር ስሙ የገነነው ይኸኛው ነው፣ ኪስ የሚያራቁተውም እሱ ነው። የሰፈር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው ግን «ኦኪማሪ» ነው፤ ቁጥሩ የታወቀ፣ ዋጋው የታወቀ። ከሦስቱ ደረጃ መካከለኛውን አዘዝኩ። መጨረሻ ላይ የሚመጣው ጥቅልል ጭምር ተቆጥሮ አሥር ፍሬ፣ 3,300 የን።

አሥር ለምን ሆነ ብዬ ብጠይቃቸው ባልቴቷ ፈገግ አሉ። ከጦርነቱ በኋላ ምግብ በራሽን ሲታደል፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ ምግብ ቤቶች እንዲዘጉ ታዝዞ ነበር። የቶኪዮ ሱሺ ሠሪዎች ግን «እኛ ምግብ አንሸጥም፤ ደንበኛው የራሱን ሩዝ ያምጣ፣ እኛ የእጃችንን ዋጋ ብቻ እንቀበል» ብለው አመለከቱና ተፈቀደላቸው። አንድ «ጎ» ሩዝ፣ ማለትም 180 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ያመጣ ሰው አሥር ፍሬ ይወስዳል። የአንድ ሰው ድርሻ አሥር የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው ይላሉ። «እናቴ ሩዙን በጨርቅ ቋጥራ ስትወጣ ትዝ ይለኛል» አሉኝ። «ስትመለስ ጨርቁ አቼቶ አቼቶ ይላል። እኔ ጨርቁን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ እተኛ ነበር።»

የመጀመሪያው ፍሬ ነጭ ሥጋ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ ነበር፤ «ሂራሜ» ይሉታል። በሩዙ በኩል ሶያ ሶስ ውስጥ ነከርኩት፤ ሩዙ ሶሱን መጠጠና ተበተነ። ግማሹ ሳህኑ ውስጥ ቀረ። ታይሾ ምንም አላሉም። ባልቴቷ የራሳቸውን አንስተው ቀስ አድርገው አጋደሙት፣ ዓሣውን ወደ ታች አዙረው ጫፉን ብቻ አስነኩና በአንድ ጉርሻ ጨረሱት። በጣት መብላት ይቻላል፣ በመመገቢያ እንጨቶቹም ይቻላል፤ ሩዙን መንከር ግን አይሆንም። ሩዙ የሚበተነው ክፉ ስለተሠራ አይደለም። በመሐሉ አየር እንዲኖር ሆኖ ነው የሚጨበጠው፤ እጅ ላይ ይቆማል፣ አፍ ውስጥ ይፈታል። ይህንን ካወቅሁ በኋላ ዓሣውን ትቼ ሩዙን መከታተል ጀመርኩ።

ሩዙን «ሻሪ» ይሉታል። የዚህ ቤት ሻሪ ነጭ አይደለም፣ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ሳኬ የሚባለው የሩዝ መጠጥ ተጠምቆ ሲያበቃ ከሚቀረው አተላ የሚሠራ ቀይ አቼቶ ይገባበታል። ድሮ ይህ አቼቶ ከሩዝ አቼቶ ይረክስ ስለነበር የመንገድ ዳር ሱሺ ሻጮች የሚገለገሉበት እሱን ነበር፤ አሁን ደግሞ ትላልቆቹ ቤቶች የሚኮሩበት ሆኗል። ታይሾ ሩዙን የሚያስቀምጡት ክዳን ባለው የእንጨት ዕቃ ውስጥ ነው። በየጊዜው ክዳኑን ከፈት አድርገው በእጃቸው ጀርባ ይነኩታል፤ ትኩሳት እንዳለበት ልጅ ግንባር። ሙቀቱ ከሰው ገላ ብዙ እንዳይርቅ ነው። ከዓሣው ይልቅ ሩዙ ነው የሚያስቸግረው አሉኝ በባልቴቷ በኩል፤ ዓሣ ጥሩውን መግዛት ይቻላል፣ ሩዝ ግን በየቀኑ እንደ አዲስ ነው።

አራተኛው ፍሬ ኮሀዳ ነበረ። ስለዚህች ዓሣ ትንሽ ልቆይ። መዳፍ የማትሞላ ብርማ ዓሣ ናት፤ ጀርባዋ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ አላት። ስታድግ ስሟ ይለወጣል፤ ጫጩቷ ሺንኮ፣ ከዚያ ኮሀዳ፣ ከዚያ ናካዙሚ፣ ሙሉዋ ኮኖሺሮ ትባላለች። ጥሬዋን አትበላም። በጨው ትታሻለች፣ ትታጠባለች፣ አቼቶ ውስጥ ትገባለች፣ ከዚያም ታርፋለች። ስንት ደቂቃ ጨው፣ ስንት ደቂቃ አቼቶ የሚለው በስቧ፣ በመጠኗና በዕለቱ አየር ይለያያል። የአንድን ቤት እጅ ማወቅ የፈለገ ኮሀዳን ይዘዝ የሚባለው ለዚህ ነው።

ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ይህች ዓሣ የሱሺን ታሪክ ተሸክማ መቆየቷ ነው። በእጅ የሚጨበጠው ኒጊሪ የተወለደው እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ ከተማዋ ገና ኤዶ ስትባል፣ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ነው። ሃናያ ዮሄይ የሚባል ሰው ሪዮጎኩ በተባለው ሰፈር እንዳስፋፋው ይነገራል። ከጥንት ሱሺ ማለት ዓሣን ከሩዝ ጋር ለወራት አብላልቶ ማቆየት ነበር፤ ዮሄይና መሰሎቹ ግን ለሥራ የሚጣደፍ ሰው ቆሞ በልቶ የሚሄደው አደረጉት። ፍሬው ያን ጊዜ ከዛሬው በእጅጉ ይተልቅ ነበር። በረዶ ቤት የለም፣ ማቀዝቀዣ የለም። ስለዚህ ከኤዶ ባሕረ ሰላጤ የወጣው ሁሉ ወይ በጨውና በአቼቶ ይታሻል፣ ወይ ይቀቀላል፣ ወይ ሶያ ሶስ ውስጥ ይነከራል። «ጥሬ ዓሣ» ብለን በአንድ ቃል የምንጠራው ምግብ መሠረቱ ጥሬ አልነበረም። ዛሬ በወርቅ ዋጋ የሚሸጠው የቱና ስብ፣ ቶሮ፣ ቶሎ ስለሚበላሽ ማንም አይፈልገውም ነበር። ይህን ሳላውቅ ቶሮ ብቻ እያሳደድኩ ብመለስ ኖሮ እቆጭ ነበር።

ታይሾ ኮሀዳዋን ሲሠሩ አይኔን አልነቀልኩም። በቀኝ እጃቸው ሩዝ አነሱ፤ ትንሽ በዛ መሰለኝ፣ ጥቂት ፍሬ መለሱ። በግራ መዳፋቸው ላይ ዓሣዋ ተንጋላለች። በአመልካች ጣት ጫፍ ዋሳቢ የሚባለውን የሚያቃጥል አረንጓዴ ቅመም ነካ አደረጉባት፤ ዋሳቢው አሁን ከሥሩ የተፈገፈገ ነው፣ ደቂቃዎች ካለፉ ጉልበቱ ስለሚጠፋ አስቀድመው አያዘጋጁትም። ሩዙን አሳረፉ፣ ገለበጡ፣ በሁለት ጣት ጫን አደረጉ፣ አዞሩ፣ አንዴ ደግመው ጫን። ከዚያ ባንኮኒው ላይ አስቀመጡልኝ።

ሳነሳት የሆነ ነገር እንደቀለለኝ ተሰማኝ። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ጨዋማ፣ ኮምጠጥ ያለች፣ ከዚያ የዓሣው ቅባት ቀስ ብሎ የሚመጣ፤ አፌ እዚያ ላይ ነበር። አምስተኛው ፍሬ ሲቀመጥ ነው ያየሁት። ባልቴቷ ፊት ያለው ሱሺ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሏል። የእኔ ወደ ተቃራኒው ነው።

ግራኝ ነኝ። መቀሱም፣ የበር እጀታውም፣ የትምህርት ቤት ወንበሩም ዕድሜዬን ሙሉ ለቀኝ እጅ ተሠርተው ነው የጠበቁኝ፤ ለምጄዋለሁ፣ አይታወቀኝም። እኚህ ሰው ግን በሦስት ፍሬ ውስጥ በየትኛው እጄ እንደማነሳ አይተው፣ ማንንም ሳይጠይቁ፣ ምንም ሳይናገሩ አቀማመጡን አዙረውልኝ ነበር። ለባልቴቷ ነገርኳቸው። ለታይሾ አስተላለፉላቸው። ታይሾ ቢላዋቸውን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረጉ አንድ ቃል መለሱ። «ሥራዬ ነው አለ» አሉኝ ባልቴቷ።

ቀበቶ ላይ የሚዞር ሳህን ይህን ሊያደርግልኝ አይችልም። ስሙ የገነነ ቤት ደጃፍ ላይ ረጅም ወረፋ ለመጠበቅ የሚያስቡ መንገደኞች አንድ ምሽታቸውን ለሰፈር ቤት እንዲሰጡ የምወተውተው ስለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡትን በአጭሩ ልንገራችሁ። ሽሪምፑ የተቀቀለ ነበር። አናጎ የሚባለው እባብ መሳይ የባሕር ዓሣ በጣፋጭ መረቅ ተቀቅሎ ስለለሰለሰ ምላስ ብቻ ይበቃው ነበር፤ እሱ ላይ ሶያ ሶስ አይጨመርም፣ ታይሾ ራሳቸው በብሩሽ ቀብተውታል። እንቁላሉ ከኦምሌት ይልቅ ወደ ኬክ ያደላል። መጨረሻ ላይ ኖሪ በሚባል የደረቀ የባሕር አረም የተጠቀለለ ካንፕዮ መጣ፤ ደርቆ የተቀቀለ የቅል ሥጋ ነው። ባልቴቷ ይህን ነው የሚወዱት። ዝንጅብሉን በየመሐሉ አፍ ለማጥራት በላሁት፣ ሻዩን ባለቤታቸው ሦስት ጊዜ ሞሉልኝ።

ሒሳቡን ከፈልኩ። እዚያ አገር ለአስተናጋጅ ጉርሻ አይሰጥም፤ የሚሰጠው «ጎቺሶሳማ ዴሺታ» የሚል ቃል ነው፣ ስለ ምግቡ ምስጋና። ሁለቱም ባልና ሚስት ሥራቸውን ትተው ጎንበስ አሉልኝ። ባልቴቷ ገና ሻያቸውን እየጠጡ ነበር።

ሦስት ቀን አልፎ፣ በማግስቱ ከቶኪዮ ልወጣ ስል፣ እንደገና ሄድኩ። ባልቴቷ አልነበሩም፤ ሦስት ወንዶች ጥግ ላይ ተቀምጠው ስለ ቤዝቦል ይከራከራሉ። ታይሾ ቀና ብለው አዩኝና በአገጫቸው ያንኑ የመጀመሪያ ቀን ወንበሬን አሳዩኝ። ባለቤታቸው እርጥብ ፎጣና ሻይ ይዘው መጡ፤ የመመገቢያ እንጨቶቹን ፊቴ አጋደሙ። በዚያ ቤት፣ በዚያ አገር ሁሉ፣ የእንጨቶቹ ጫፍ ወደ ግራ ነው የሚዞረው፣ ቀኝ እጅ እንዲያነሳቸው። የሦስቱ ወንዶች ወደ ግራ ነበር። የእኔ ወደ ቀኝ ዞሯል።

ታይሾ እጃቸውን ታጥበው ፊቴ ቆሙ። በዚህኛው ምሽት አስተርጓሚ አልነበረኝም፤ የምፈልጋትን ግን በስሟ መጥራት እችል ነበር።

«ኮሀዳ» አልኳቸው።