የወረቀት ብር በወጣ ዓመት የተወለደ ሰው የልደት ምዝገባ

ጣሊያን ከወጣ በኋላ የተወለድን ልጆች ዕድሜያችንን በቁጥር የሚጠይቀን ሰው አልነበረም። እናቴ «የተወለድከው በሰኔ ሚካኤል ነው፤ ክርስትና የተነሣኸው ደግሞ የወረቀት ብር በወጣ ሳምንት» ትለኝ ነበር። ያ ብር የወጣው በጃንሆይ ልደት፣ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከሰኔ 12 ጀምሮ አርባ ቀን ለሚቆጥር ሰው የእናቴ ቃል ዝንፍ አይልም። ትምህርት ቤት ስገባ ግን እርሷን የጠየቃት አልነበረም። መምህሩ ቀኝ እጄን በአናቴ ላይ አሳልፌ ግራ ጆሮዬን እንድነካ አዘዘኝ፤ ጣቴ የጆሮዬን ጫፍ ብቻ ስለነካ፣ ዘጠኝ ዓመት የሞላኝን ልጅ «ሰባት» ብሎ ጻፈኝ። ከዚያ ወዲህ በየወረቀቱ የ1939 ልጅ ሆኜ ኖርሁ።

የልጅ ልጆቼ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በተወለዱ በ90 ቀን ውስጥ ተመዝግበዋል፤ ደግ ሥርዓት ነው። እኔም በስተርጅና የልደት የምስክር ወረቀት አስፈለገኝ። ቅጹ፣ ፎቶግራፉና የነዋሪነት መታወቂያው አላስቸገሩኝም።

ያስመረረኝ መዝጋቢው ነው። «አባባ፣ የትምህርት ቤቱ ወረቀት ማኅተም አለው፤ የእናትዎ ወሬ ማኅተም የለውም» አለኝና መወለዴን የሚያውቅ ምስክር እንዳመጣ አዘዘኝ። ሰማንያ ዓመት ያለፈው ሰው ሲወለድ ያየ ምስክር ከየት ይመጣል? ደግነቱ ታላቅ እህቴ በሕይወት አለች፤ ደረጃውን በሁለት ጎረምሶች ተደግፋ ወጣችና፣ አባታችን ጠገራ ካልሆነ ብሎ የወረቀቱን ብር አልቀበልም ያለበትን ገበያ ሳይቀር ተረከችለት። 1937 ብሎ ጻፈ። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲለውጠው ግን ሰባት ደምሮ 1944 አደረገው። ሰኔ ስለሆነ የሚደመረው ስምንት ነው፣ ትክክለኛው ጁን 19 ቀን 1945 ነው ብዬ ብነግረው «ሲስተሙ ነው» አለኝ፤ ጣቱ የካልኩሌተሩ ቁልፍ ላይ እንዳረፈ! ታትሞ ወጣ፤ የእርሱን ስሕተት ለማሳረምም ፍርድ ቤት የተመላለስሁት እኔ ነኝ።

መመሪያው ምስክር አቅርቡ ይላል፤ እኔ ግን ከምስክሩ በፊት ስሌታችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ እላለሁ። ከመስከረም እስከ ፈረንጆች ዓመት መለወጫ ሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት ይደመራል፤ ሁለቱም ቀን ሳይመሳከር አትፈርሙ፣ ከኋላችሁ የቆመው ሰልፈኛ ቢያጉረመርምም። የጡረታ ማኅደሬ አሁንም 1939 ነው የሚለው፤ እርሱን ለማስተካከል ሌላ ደብዳቤ አምጣ ብለውኛል፤ አልሄድም።