ከቢግ ባንግ ጋር የተፎካከሩ መላምቶች፦ በጥናቴ እስካሁን የደረስኩበት

ዩኒቨርስ እጅግ ከጋለና ከታመቀ ሁኔታ ተነሥቶ መስፋት ጀመረ ከሚለው ከቢግ ባንግ ሌላ፣ ስለ ዩኒቨርስ አጀማመር የቀረቡ አማራጭ መላምቶችን ለምታጠኑ ባልንጀሮቼ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። አንድን መላምት ከማድነቄም ሆነ ከመናቄ በፊት «ይህ እውነት ከሆነ በሰማይ ላይ ምን መታየት አለበት?» ብዬ መጠየቅን ልማድ አድርጌአለሁ።

በዚህ አካሄድ ከሁሉም ይበልጥ ያስተማረኝ ፍሬድ ሆይል፣ ኸርማን ቦንዲ እና ቶማስ ጎልድ እ.ኤ.አ. በ1948 ያቀረቡት የ«ስቴዲ ስቴት» መላምት ነው። በእነርሱ አመለካከት ጋላክሲዎች ሲራራቁ ክፍተቱን የሚሞላ አዲስ ቁስ ቀስ በቀስ ስለሚፈጠር፣ ዩኒቨርስ እየሰፋም መልኩ አይለወጥም፤ መጀመሪያም የለውም። የሚፈጠረው ቁስ እጅግ ጥቂት በመሆኑ በቤተ ሙከራ ማስተባበል አይቻልም ነበር። ሆኖም መላምቱ ብርሃኑ ከጥንት ተነሥቶ የሚደርሰን ሩቅ ሰማይ ከቅርቡ ጋር አንድ ዓይነት እንዲሆን ግድ ይላል። የሬዲዮ አስትሮኖሚ ተመራማሪው ማርቲን ራይል በሰማይ ያሉ የሬዲዮ ሞገድ ምንጮችን ሲቆጥር ግን ደካሞቹ፣ ማለትም በአብዛኛው ሩቆቹ፣ ከሚጠበቀው በላይ በዝተው ተገኙ። በ1965 ይፋ የሆነው የፔንዚያስና የዊልሰን ግኝት፣ ማለትም ከየአቅጣጫው የሚመጣው 2.7 ኬልቪን ገደማ ሙቀት ያለውና የጋለው ጥንታዊ ዩኒቨርስ ቅሪት ተደርጎ የሚታየው ጨረር፣ ክርክሩን ለብዙዎች ቋጨው። እኔ ግን ራሱን ለፈተና ያጋለጠ መላምት በመሆኑ አከብረዋለሁ።

ፍሪትዝ ዝዊኪ በ1929 ያነሣው ሐሳብ፣ ብርሃን በረጅም ጉዞው ጉልበቱን ስለሚያጣ ወደ ቀይ ያደላል (የሞገድ ርዝመቱ ይጨምራል) የሚለው፣ ብዙ ጊዜ አልወሰደብኝም። ሐሳቡ ትክክል ቢሆን ኖሮ የሩቅ ሱፐርኖቫ (የሚፈነዳ ኮከብ) ብርሃን ወደ ቀይ ቢያደላም የሚደበዝዝበት ጊዜ ባልረዘመ ነበር። የሚታየው ግን፣ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት በእጥፍ ሲያድግ በ20 ቀን የሚደበዝዘው 40 ቀን ገደማ መፍጀቱ ነው፤ ይህም ኅዋው ራሱ እየሰፋ ከሆነ የሚጠበቀው ውጤት ነው።

አሁን የያዝኩት ፖል ስታይንሃርት እና ኒል ቱሮክ ያራመዱትን ዑደታዊ ዩኒቨርስ፣ ማለትም ዩኒቨርስ በተደጋጋሚ ይሰፋል፣ ይኮማተራል የሚለውን መላምት ነው። ሪቻርድ ቶልማን በ1930ዎቹ እንዳሳየው፣ ኤንትሮፒ (የሥርዓት አልባነት መጠን) ከዑደት ወደ ዑደት ስለሚከማች ዑደቱን ወደ ኋላ ያለ ገደብ መቁጠር አስቸጋሪ ነው፤ አዲሶቹ ሞዴሎች ይህን ለማምለጥ ኤንትሮፒው በየዑደቱ መስፋፋት እንዲሳሳ ያደርጋሉ። መፈተኛቸውም ጥንታዊው የስበት ሞገድ፣ ማለትም ከዩኒቨርስ ጥንታዊ ዘመን የቀረ የኅዋ ንዝረት ነው። ከዋነኞቹ ዑደታዊ ሞዴሎች የሚጠበቀው ሞገድ ከመለካት በታች የሆነ ስለሆነ፣ ጉልህ ምልክት ቢገኝ ይወድቃሉ። አለመገኘቱ ግን አያጸድቃቸውም፤ ደካማ ሞገድ የሚተነብዩ የኢንፍሌሽን (ዩኒቨርስ ገና በጅምሩ በቅጽበት እጅግ ፈጥኖ ሰፋ የሚለው ሐሳብ) ሞዴሎችም አሉና። ይህ አለመመጣጠን ስለሚከነክነኝ ቀጣዩ ንባቤ በዚሁ ላይ ይሆናል።