ጉልበት

ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ መተኛት ነበረብኝ። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ እህቴ ደወለች። ያችኑ ጥያቄዋን ጠየቀችኝ፤ እናንተም ታውቋታላችሁ፣ «ጠቅልለሽ የምትመጪው መቼ ነው?» ከዚያ በኋላ እንቅልፍ በዓይኔ ሊዞር ነው? ትንሿን ልጄን ይዤ በኦስሎ 1 ቁጥር ባቡር ወደ ተራራው ወጣሁ። የካቲት ነው፤ ባቡሩ ውስጥ ከሰው ይልቅ ስኪ፣ ያ እግር ላይ የሚታሰር ረጅም የበረዶ መንሸራተቻ፣ ይበዛል።

እሷ በረዶ ላይ እንደ ዓሣ ናት። እኔ ይኸው 11ኛ ክረምቴን ይዤ ዛሬም በ«ፕሉግ» ነው የምወርደው። ማረሻ ማለት ነው። የስኪዎቹን ጫፍ ከፊት ታቀራርቢያለሽ፣ ኋላቸውን ትከፍቻለሽ፣ በረዶውን እየፋቅሽ ቀስ ብለሽ ትወርጃለሽ። ገበሬው አያቴ ቢያዩኝ «በሬዎቹስ የት ሄዱ?» ይሉኝ ነበር።

ግርጌው ላይ ቆሜ ሻይ ስጠጣ አንድ አዛውንት ሲወርዱ አየሁ። ስኪያቸው ላይ የታሰረው የጫማቸው ጫፍ ብቻ ነው፤ ተረከዛቸው ነፃ ነው። ወደ ግራ ሊታጠፉ ሲሉ ቀኝ እግራቸውን ያስቀድማሉ። ግራው ወደ ኋላ ይቀራል፣ ተረከዙ ይነሳል፣ ጉልበታቸው በረዶውን ሊነካ ምንም አይቀረው። ከዚያ ብድግ ይሉና እግር ቀይረው በሌላኛው ጉልበት ዝቅ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚሰግዱ ነው የመሰሉኝ። እየሰገዱ ቁልቁል መምጣታቸው ነው ልዩነቱ። ሻዬ ቀዘቀዘ።

ይሄ አስተጣጠፍ ቴሌማርክ ይባላል፣ በመጣበት የኖርዌይ አውራጃ ስም። ስሙን ያስጠራው ሶንድሬ ኑርሃይም በፈረንጆቹ 1825 እዚያው ቴሌማርክ፣ ሞርገዳል የተወለደ የጭሰኛ ልጅ ነው። የስኪውን ማሰሪያ ከአኻያ ቀንበጥ እየጠመዘዘ ይሠራ ነበር። በ1868፣ በ42 ዓመቱ፣ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ በስኪ ተጉዞ እዚህ ከተማ መጣና የስኪ ውድድሩን አሸነፈ። ያኔ ኦስሎ ክርስቲያኒያ ነበር የምትባለው። ሁለቱን ስኪ ጎን ለጎን አድርጎ መታጠፍም በከተማዋ ስም ክርስቲያኒያ ተባለ። ከተማዋ በ1925 ስሟን ቀየረች፤ መታጠፊያው ግን ክርስትናውን አልተወም።

እስከዚህ ደህና። ሰውየው በ1884፣ ወደ 60 ሲጠጋ፣ ቤተሰቡን ይዞ አሜሪካ ገባ። መጀመሪያ ሚኒሶታ፣ በኋላ ሰሜን ዳኮታ። 1897 እዚያው ሞተ።

ሰሜን ዳኮታን በስልኬ ፈልጌ አየሁት። ሜዳ። ጣቴን ባንሸራትት፣ ባንሸራትት፣ ሜዳ። ቁልቁለት ላይ መታጠፍን ለዓለም ያሳየ ሰው፣ መታጠፍ የማያስፈልግበት አገር ሄዶ ተቀመጠ። ይገባኛል፤ መሬት ፍለጋ ነው። የጭሰኛ ልጅ ቁልቁለት አይበላም። ግን ክረምት ሲገባ ምን ያደርግ ነበር? በረዶ እንደሆነ ሞልቷል። ጉልበቱስ? ዕድሜ ልኩን የለመደ ጉልበት አርፎ ይቀመጣል? በ1952 የኦስሎ ኦሎምፒክ ችቦ የተለኮሰው ሞርገዳል፣ ከተወለደባት ጎጆ ምድጃ ነው። እሱ በሕይወት ሳለ ግን እዚያ የቀሩት ዘመዶቹ ደብዳቤ ሲጽፉለት ምን ብለው ነበር የሚጠይቁት?

ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ይህን ሳወጣ ሳወርድ መውረጃችን አለፈን። ትንሿ ተናደደችብኝ፤ እውነቷን ነው።

ማታ ሩዝ ጥጄ ወጥ ቤት በካልሲ ሞከርኩት። ወለሉ ያንሸራትታል። ቀኝ ፊት፣ ግራ ኋላ፣ ተረከዝ ብድግ፣ ዝቅ። መውረዱስ ተሳክቶልኝ ነበር፤ መነሳቱ እንቢ አለኝ። የምድጃውን እጀታ ይዤ ተንበርክኬ ስቃትት ትንሿ ገባች።

«እማ፣ ምን ጠፋብሽ?»

«የጆሮ ጌጤ» አልኳት።

ባትሪ ይዛ መጥታ ከጠረጴዛው ሥር ገባች። ይኸው እኔ እየጻፍኩ ነው፣ እሷ እየፈለገች ነው።