በበዓሉ ማግስት ለሚታገሉ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችን ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የትንሣኤ በዓል በሰላም አደረሳችሁ!

ሌሊቱን «አሠሮ ለሰይጣን» ሲባል «አግዐዞ ለአዳም» እያልን አደርን። ሰይጣን ታሰረ፣ አዳም ነጻ ወጣ ብለን መሰከርን። ታዲያ በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ድምፁ የጠፋው ምኞት በፋሲካ ማግስት ለምን ይነሣል? በዚህ ሰሞን ብዙ ሰው ይህን ይጠይቃል። የሚያሳዝነኝ ግን ጥያቄው አይደለም፤ «ጾሜ ከንቱ ነበር፣ እግዚአብሔር አልተቀበለኝም» ብለው በራሳቸው ላይ የሚፈርዱት ፍርድ ነው።

ሐዋርያው ያዕቆብ ሰው በራሱ ምኞት ሲሳብና ሲታለል እንደሚፈተን ጽፏል፤ ምኞትም ፀንሳ ኃጢአትን እንደምትወልድ። በመሳብና በመውለድ መካከል ጊዜ አለ፤ ተጋድሎው ያለው እዚያ ነው። ክፉ አሳብ ልብን ማንኳኳቱ ገና ኃጢአት አይደለም፤ በር ከፍቶ ማስገባት ግን ሌላ ነው። ሥጋ በመንፈስ ላይ፣ መንፈስም በሥጋ ላይ እንደሚመኝ ጳውሎስ የጻፈውም ለገላትያ ምእመናን፣ ክርስቶስን ለብሰው ለተጠመቁ ሰዎች ነው።

በየዓመቱ ሰኔ 24 የምናስበው ሙሴ ጸሊም ይህን ጦርነት በሚገባ ያውቀዋል። የወንበዴዎች አለቃ ነበር፤ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ አስቄጥስ በረሃ መነኮሰ። መመንኮሱ ግን ምኞቱን አላጠፋለትም። የዝሙት አሳብ በሕልሙ ሳይቀር ያሠቃየው ነበር። ታሪኩን የጻፉት እንደሚነግሩን፣ 6 ዓመት ሌሊት ሌሊት በበኣቱ፣ በመነኩሴ ማደሪያው፣ ቆሞ ዓይኑን ሳይከድን ጸለየ፤ አልተወውም። ቀጥሎም በጨለማ እየወጣ የሽማግሌ መነኮሳትን እንስራ ከሩቅ ውኃ ይሞላላቸው ጀመር። ያን ሁሉ ጉልበት ይዞ፣ ያን ያህል ደክሞ፣ አሁንም አልተወውም።

በመጨረሻ መንፈሳዊ አባቱ አባ ኤስድሮስ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ያ ፈተና እንዳበቃለት ነገረው፤ ይህን ያህል የተፈተነውም በገዛ ጾሜና ትጋቴ አሸነፍሁ ብሎ እንዳይመካ መሆኑን አስረዳው። ይህን ቃል ባነበብሁ ቁጥር እደነቃለሁ። ሙሴ የደከመበት ሁሉ አልባከነም፤ ድሉ ግን የተሰጠው ነው፤ ከብርታቱ አላገኘውም። በኋላ ቅስና ተቀብሎ ለብዙዎች አባት ሆነ።

አሁን ከትንሣኤ ጀምሮ ባሉት 50 ቀናት፣ በበዓለ ሃምሳ ላይ ነን። ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፣ አይሰገድም። ጸሎቱ፣ ቅዱስ ቊርባኑና የንስሐ አባታችን ግን አሉ። «ትናንት ተናዝዤ ዛሬ ያንኑ ይዤ እንዴት እመለሳለሁ?» ብላችሁ ያፈራችሁ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ እባካችሁ በዚህ ሳምንት ሂዱ። ሙሴም ወደ አባ ኤስድሮስ የሄደው ደጋግሞ ነው።

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን! መልካም በዓል ይሁንላችሁ።