ጂግና ብሉዝ በአንድ ፒያኖ

ፒያኖ በአየርላንድ ባህላዊ ሙዚቃ ውስጥ መጤ ነው። ቤቱ የቫዮሊን፣ የዋሽንት፣ የአኮርዲዮንና ኢለን ፓይፕ የሚባለው ባለ ከረጢት መሣሪያ ነው። በ1920ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ ዝነኛው ቫዮሊን ተጫዋች ማይክል ኮልማን ሸክላ ሲያስቀርጽ ፒያኖ ያጅበው ነበር። አንዳንዶቹን ስትሰሟቸው ቫዮሊኑ ወደ አንድ ይሄዳል፣ የፒያኖው ኮርድ (አብረው የሚመቱት ኖታዎች) ወደ ሌላ። አጃቢው ዜማውን እንደማያውቀው ያስታውቃል።

እኔ ደብሊን ውስጥ ጃዝና ብሉዝ ስጫወት ቆይቼ ነው ወደዚህ ሙዚቃ የገባሁት። ገና ከመነሻው አንድ ነገር ወሰንኩ፦ ዜማው አይነካም። ጃዙ የሚገባው ከዜማው ሥር ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ዜማ ለቀምኩ። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ክሌር አውራጃ፣ ሚልታውን ማልቤይ በምትባል ከተማ ከ1973 ጀምሮ የሚካሄድ የዊሊ ክላንሲ የክረምት ትምህርት ቤት አለ። እዚያ የሚማሩት በጆሮ ነው። እኔም በአፌ ማንጎራጎር ያልቻልኩትን ዜማ ፒያኖ ላይ አልሞክርም ነበር። አብዛኞቹ ዜማዎች ሁለት ክፍል አላቸው፤ እያንዳንዱ 8 ባር (የምት ክፍል) ሆኖ ይደገማል፣ ሲደመር 32። ለጃዝ ሰው 32 ባር የለመደው ቁጥር ነው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ጃዝ ላይ ዜማውን አንዴ ተጫውተህ ወደ ራስህ ፈጠራ ትሄዳለህ። እዚህ ግን ከዜማው የሚወጣ የለም፤ ፈጠራው ጌጡ ላይ ነው። እኔ ዘንድ የመጀመሪያው ዙር ባዶውን ይሄዳል፣ በሁለተኛው ግራ እጄ ይለወጣል፣ በሦስተኛው ብቻ ቀኝ እጄ ትንሽ ይወጣና ይመለሳል።

ልቤን የወሰደችው ግን አንዲት ኖታ ናት። በዲ ቅኝት ሰባተኛዋን ኖታ የድሮ ፓይፐሮችና ቫዮሊን ተጫዋቾች ከፍም ዝቅም ሳትል መሃል ላይ ያስቀምጧታል። ፒያኖ ይህቺን ኖታ የለውም። ዝቅተኛዋ ነጭ ቁልፍ፣ ከፍተኛዋ አጠገቧ ያለው ጥቁር ቁልፍ ናት፤ በመካከላቸው ምንም የለም። የብሉዝ ፒያኒስቶች በዚሁ ችግር ኖረውበታል። መፍትሔያቸውን ወሰድኩ፦ ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ እመታና አንዷን ወዲያው እለቃለሁ። ጆሮ መሃሏን ይሰማል። ዋናው ጉዳይ የትኛዋን ቀድሞ መልቀቅ ነው። ዜማው ወደ ላይ ሲሄድ ነጯን፣ ወደ ታች ሲወርድ ጥቁሯን እለቃለሁ። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖን እንዴት ያዜሙት እንደነበር የሰማ ሰው ይህ ብዙም አይገርመውም።

ኮርዶቹን ከመጨመር ይልቅ ቀነስኩ። ሦስተኛዋን ኖታ አወጣሁና ክፍት አምስተኛ ብቻ ተውኩ። ብዙ የአየርላንድ ዜማዎች ዶሪያንና ሚክሶሊዲያን በሚባሉ፣ ሜጀርም ማይነርም ባልሆኑ የድሮ ስልቶች የተሠሩ ናቸው፤ «ደስታ ነው ወይስ ሐዘን» ብለህ ብትወስንላቸው ይከፋቸዋል። ፓይፑም ከሥሩ የማይቋረጥ ድምፅ ይዞ ነው የሚሄደው፣ ግራ እጄ ያንን ይተካል። ሚክሶሊዲያን ሰባተኛው ዝቅ ያለ ስለሆነ ብሉዙ ሳይጠሩት ይመጣል። ዶሪያኑ ላይ ደግሞ የጃዝ ሰዎቹ እነማይልስ ዴቪስና ቢል ኤቫንስ በ1959 የሠሩት ሥራ መንገዱን ጠርጎታል። የብሉዝን የተለመደ 12 ባር ቅርጽ ግን በግድ አላስገባም። 8 ሲደመር 8 ውስጥ አይገባም፣ አለቀ።

ምቱ ላይ ቀላሉ ጂግ ነው። ጂግ በ6/8 ምት የሚሄድ የጭፈራ ዜማ ነው፤ በችክችካ ላደገ ሰው እግሩ ያውቀዋል፣ ምንም እንኳን ጫናው የሚያርፍበት ቦታ ቢለያይም። ጂጉን በጣም ቀስ አድርጉትና ሁለት ሁለት ባሩን አጋጥሙት። 12/8 ይሆናል፣ ማለትም ቀርፋፋ ብሉዝ። ዜማው አንዲት ኖታ ሳይቀየር የቺካጎ መሸታ ቤት ይሸታል። ሪል በሚባለው ፈጣን የጭፈራ ዜማ ላይ ይህ አይሠራም፤ እሱ ፍጥነቱን ይፈልጋል። እዚያ ግራ እጄን አሳርፌ ከምቱ ውጪ አጫጭር ኮርዶች ብቻ እጥላለሁ። ይህን ሚሃል ኦ ሱሊቫንን (1950–2018) እየሰማሁ ነው ያጠናሁት፤ ባህላዊውን ዜማ ይዞ ምቱን ማቅለል የሚችል ፒያኒስት ነበር።

መጠጥ ቤት ውስጥ ተሰብስበው ሲጫወቱ ደግሞ ሥርዓት አለ። ጊታር ቀድሞ ከገባ ኪቦርዴን ከቦርሳው አላወጣም። ሁለት ኮርድ መቺ ባለበት ዜማ ይታፈናል፤ ያን ቀን ቢራዬን ይዤ አዳማጭ ነኝ። አንድ አዛውንት ቫዮሊን ተጫዋች ጃዝ ሲባል ፊታቸው ይጠቁር ነበር። ሰባተኛዋን ኖታ ስጨፈልቃት ሰምተው «እሷን ደግመህ አምጣት» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አጠገባቸው ያለው ወንበር የኔ ሆነ።

ስሊፕ ጂግ የሚባለው 9/8 ግን እስካሁን እምቢ ብሎኛል። ሦስት ሦስቱን ሳጋጥመው ዋልስ ይሆንብኛል፣ ስሰብረው ዳንሱ ይጠፋል። ለጊዜው ያለ ጃዝ እየተጫወትኩት ነው።