ፊደል እየዘለለ ያስቸገረኝ አንደርውድ

በመጨረሻ ተሳካ! አንደርውድ ቁጥር 5 ታይፕራይተሬ አንድም ፊደል ሳይዘል ሙሉ ገጽ ጻፈልኝ። ደስታዬን ለብቻዬ መያዝ አልቻልኩም።

የመጀመሪያውን ሥራ ቶሎ ልለፈው። አቧራውን በብሩሽ አወጣሁ፣ የደረቀውን ሪባን ቀየርኩ፣ በቀለም የተደፈኑትን ፊደሎች በቤንዚንና በጥርስ ብሩሽ አጸዳሁ። ትዕግሥት ያለው ሰው ሁሉ ይሠራዋል። እኔን ያንገላታኝ መዝለሉ ነው። ቀስ ብዬ ስመታ ደህና ነው። ፈጠን ስል ግን ቃሉ መሀል ባዶ ቦታ ይተዋል።

ይህን ለመረዳት ሰረገላው እንዴት እንደሚሄድ ማወቅ የግድ ነው። ወረቀቱን የተሸከመውን ሰረገላ ሁልጊዜ ወደ ግራ የሚጎትተው፣ ከኋላ በኩል ከበሮ ውስጥ የተጠመጠመ ሞላ ነው። የሚይዘው ባይኖር ተፈትልኮ መስመሩ መጨረሻ ላይ ይላተማል። የሚይዘው ኤስኬፕመንት ይባላል። ትንሽ ባለጥርስ ጎማና ሁለት ጥፍሮች ናቸው። አንዱ ጥፍር ግትር ነው። ሌላው ልል ነው፣ በቀጭን ሞላ ወዲያ ወዲህ ይላል። ቁልፉን ስንመታ ግትሩ ጎማውን ይይዛል፣ ልሉ ተለቅቆ ወደሚቀጥለው ጥርስ ይሻገራል። ጣታችንን ስናነሳ ግትሩ ይለቃል፣ ልሉ ደግሞ ጎማውን አንድ ጥርስ ብቻ አሳልፎ ያስቆመዋል። አንድ ምት፣ አንድ ጥርስ።

ስለ ታይፕራይተር ሲወራ ሰው ሁሉ የሚያነሳው የቁልፎቹን አደራደር ነው። ለእኔ ግን ይህቺ የተረሳች ብልሃት ትበልጣለች። መነሻዋ ሰዓት ነው። በ1860ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የታይፕራይተር ፈልሳፊው ክሪስቶፈር ሾልስ አሜሪካ፣ ሚልዋኪ ውስጥ ማሽኑን ሲሞክር አብሮት ይሠራ የነበረው ማትያስ ሽዋልባህ ሰዓት ሠሪ ነበር። ዛሬ ማን ያስታውሰዋል? ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። ሬሚንግተን የተባለው ካምፓኒ ይህንኑ የሾልስን ፈጠራ ይዞ በ1874 ለገበያ ያቀረበው ማሽን ካፒታል ፊደል ብቻ ነበር የሚጽፈው። ፊደሉም ከሥር ስለሚመታ ጸሐፊው የጻፈውን ወዲያው አያይም። በ1878 በወጣው ሬሚንግተን ቁጥር 2 ላይ ትልቁና ትንሹ ፊደል አንድ መምቻ (ፊደሉን ተሸክሞ ወረቀቱን የሚመታው ዘንግ) ላይ አብረው እንዲቀመጡ ያደረገው ባይረን ብሩክስ ነው። አንደርውድ ላይ ፊደሉ ከፊት እየመታ ጽሑፉ እዚያው እንዲታይ የነደፈው ደግሞ ፍራንዝ ዋግነር ነው። ማሽኑ ላይ የተጻፈው ግን የባለ ካምፓኒው ስም ነው።

ወደ ችግሬ ልመለስ። ባትሪ ይዤ ከኋላ ሳየው ልሉ ጥፍር መዞሪያው ላይ የደረቀ ዘይት እንደ ሙጫ ይዞታል። ቶሎ መመለስ አልቻለም፤ እሱ እስኪመለስ ጎማው ሁለተኛውን ጥርስ ያመልጣል። ቤንዚን በቀጭን ብሩሽ ጠብ እያደረግኩ፣ ጥፍሩን በወረንጦ ወዲያ ወዲህ እያልኩ አላቀቅኩት።

ተሻለው፣ ግን አልዳነም። ያኔ ነው አንድ ነገር ያስተዋልኩት። የሚዘለው መስመሩ መጀመሪያ ላይ ነው፣ ወደ መጨረሻው ሲደርስ ያቆማል። ሰረገላው ቀኝ ጥግ ሲሆን ዋናው ሞላ በጣም ይወጠራል፣ ወደ ግራ ሲሄድ እየላላ ይመጣል። ስለዚህ ሞላው ከልክ በላይ ጠብቋል ማለት ነው። ከእኔ በፊት የያዘው ሰው፣ በቆሻሻው ምክንያት ሰረገላው ሲከብድበት ሞላውን ያጠበቀው ይመስለኛል። ከበሮውን በአንድ እጄ ጥርቅም አድርጌ ይዤ ቀስ በቀስ አላላሁት። ከበሮው ካመለጣችሁ ሞላው በአንዴ ይተረተራል፣ ጣትም ይጎዳል። መለኪያው ይኸው ነው፦ ሰረገላውን እስከ መስመሩ መጨረሻ ሳይንቀረፈፍ ካደረሰ ይበቃል። ስንት ዙር እንደሆነ መናገር አልችልም፣ በእጅ ስሜት ነው የሠራሁት።

መፈተኛው ቀላል ነው። ሁለት ፊደሎችን እያፈራረቃችሁ መስመር ሙሉ ምቱ። ከሥሩም ያንኑ ድገሙ። ፊደሎቹ ቀጥ ብለው ካልተደራረቡ ዘሏል።

ስለ ዘይት አቋሜ የማያወላዳ ነው። መምቻዎቹ የሚገቡበት ቀዳዳ ላይ ዘይት ጠብ አይበል! ዘይት አቧራ ይሰበስባል፣ አቧራው ይደርቃል፣ ከዚያ እንደ እኔው ስትንገላቱ ትከርማላችሁ። ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊትም ማሽኑን ዝም ብላችሁ እዩት።

ይህ ጥፍር እኛንም ይመለከተናል። የአማርኛ ታይፕራይተር ሲነሳ የኢንጂነር አያና ብሩ ስም አብሮ ይነሳል። ከ200 በላይ ፊደል አርባ ምናምን ቁልፍ ላይ አይገባም። ስለዚህ የፊደሉ አካልና ቅጥያው ለየብቻ ተመትተው አንድ ቦታ ላይ መገጣጠም ነበረባቸው። ይህ እንዲሆን ደግሞ ከሁለቱ ምቶች በአንዱ ሰረገላው ንቅንቅ ማለት የለበትም። የፈረንሳይኛ ታይፕራይተሮች ላይ ለአናባቢ ምልክት የተሠራው ቁልፍም እንደዚሁ ነው፣ ይመታል ግን ሰረገላውን አያስኬድም። የአማርኛ ማሽን አግኝቼ ከኋላው በባትሪ ባይ እንዴት ደስ ባለኝ!

አሁን የቀረኝ ከበሮውንና ሰረገላውን የሚያገናኘው ገመድ ነው። ጫፉ ተተልትሏል። የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ይሆናል የሚሉ አሉ። እኔ የተሸመነ ጠንካራ ክር ይሻላል ባይ ነኝ፣ ናይለኑ ቋጠሮ ላይ ይንሸራተታል ብዬ እሰጋለሁ። የሞከራችሁ ካላችሁ ምን እንደተጠቀማችሁና ቋጠሮውን እንዴት እንዳሰራችሁት ጻፉልኝ።