ሶስት አመት የጣና አማካሪ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ ምን ሰራሁ ምን ተማርኩ

ባህር ዳር የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ኮሚቴው ውስጥ የገባሁት በእውቀቴ ተመርጬ እንዳይመስላችሁ፣ ለትምህርት ቤቱ አንድ ደብዳቤ መጣ፣ ርዕሰ መምህራችን አነበበውና «አንተ መቼም ስለ አሳ ማውራት ትወዳለህ፣ ሂድ» አለኝ፣ በቃ እንደዛ ነው። ደብዳቤው ላይ «በክልል ደረጃ የተቋቋመ የጣና ሐይቅና አካባቢው ጥበቃ አማካሪ ኮሚቴ» ይላል። ለባለቤቴ ሳነብላት አበል አለው ወይ አለችኝ። አለው፣ ግን እሱ በኋላ።

የመጀመሪያው ስብሰባ አራት ሰአት ወሰደ፣ ከዛ ውስጥ አንድ ሰአት ተኩሉ መመዝገብ፣ መክፈቻ ንግግርና ሻይ ነው። ከግብርና የመጣ አለ፣ ከቱሪዝም አለ፣ ከዩኒቨርሲቲ ሁለት ሰው፣ ከደሴት ገዳማት የተወከሉ አንድ አባት፣ ከአሳ አጥማጆች ማህበር አንድ ጋሼ፣ ከፎገራ በኩል አንድ ገበሬ። ከነገደ ወይጦ ማህበረሰብ ግን ማንም የለም። እነሱ እኮ ናቸው ደንገሉን፣ የሐይቁን ዳር ረጅም ቄጠማ፣ አጭደው ታንኳ የሚሰሩት፣ ከኛ ሁሉ በላይ ዳርቻውን የሚያውቁት። እኔም በዛን ቀን አላስተዋልኩም፣ ከስድስት ወር በኋላ አባ ናቸው «የደንገሉ ባለቤቶች የታሉ?» ብለው የጠየቁት፣ ሁላችንም አቀረቀርን። በሚቀጥለው ዙር አንድ ሰው ተጨመረ።

ለማታውቁት ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ተብሎ ተመዝግቧል። ሲባል ደስ ይላል፣ ስራው ላይ ግን ትርጉሙ ቦታውን በሶስት መክፈል ነው፣ እምብርቱ የማይነካ፣ ዙሪያው በጥንቃቄ የሚነካ፣ ከዛ ውጪ ያለው ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት። ካርታ ላይ ሶስት ቀለም ነው፣ ዳርቻው ላይ ስትቆም ግን ቀለም የለም፣ ያለው ባህር ሸሽ ነው። ውሃው በበጋ ሲሸሽ የሚወጣው ጥቁር አፈር ማለቴ ነው፣ እርጥበቱን እንደያዘ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል፣ ለሱ ሲባል ደንገሉ ይመነጠራል፣ ደንገሉ ሲሄድ ደግሞ አሳው የሚጠለልበት፣ ወፉ ጎጆ የሚሰራበት፣ ደለሉን የሚያጣራው ነገር ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥፋቴ። ስለ እምቦጭ ነው፣ ውሃ ላይ ተንሳፎ ሐይቁን ስለሚሸፍነው መጤ አረም። እምቦጭ ጣና ላይ የታየው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፣ የባሰበት ሰሜን ምስራቁ ነው፣ ደምቢያ፣ ጎንደር ዙሪያ፣ ሊቦ ከምከም፣ ፎገራ። እኔ በሁለተኛው ስብሰባ ላይ ፓወርፖይንት ሰርቼ መጣሁ፣ አስራ ስምንት ስላይድ፣ የተነቀለው እምቦጭ ኮምፖስት ይሁን፣ ገበሬው ይጠቀምበት ምናምን ብዬ ተናግሬ ጨረስኩ፣ ተጨበጨበልኝ። ከፎገራ የመጣው ገበሬ እጁን አወጣና «መምህር፣ ክምሩን አይተኸዋል?» አለኝ። አላየሁትም ነበር። እውነቱን ነው የምላችሁ ስለ እምቦጭ ሁለት አመት ሳስተምር ክምር አጠገብ ቆሜ አላውቅም።

በሳምንቱ በራሴ ወጪ ሄድኩ፣ የከተማ ጫማ አድርጌ፣ ጉማራ ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባበት አካባቢ። አንድ እግሬ ጭቃው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገባ፣ ጫማዬ እዛው ቀረ፣ ልጆች ስቀው አወጡልኝ። ክምሩ ከኔ ቁመት በላይ ነው፣ ላዩ ደርቆ ቡናማ ሆኗል፣ በእንጨት ቆፈር ሳደርገው ውስጡ አረንጓዴ ነው፣ ሞቅ ያለ፣ የረግረግ ሽታ ያለው፣ ስሩም ነጭ ነው። ከውሃው ያለው ርቀት አስር እርምጃ አይሞላም። ገበሬው በእጁ እያሳየ ክረምት ውሃው እዚህ ድረስ ይመጣል አለኝ፣ ከክምሩ ኋላ ያለ ዛፍ ላይ ምልክቱ አለ። ማለት ሰው ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ የነቀለውን ክረምት ላይ ውሃው መልሶ ይወስደዋል። ዘሩ ደግሞ ደለል ውስጥ ለአመታት ተኝቶ የሚቆይ ዘር ነው። በ2013 ዓ.ም ጥቅምት ላይ ያ ሁሉ ህዝብ ለዘመቻ የወጣ ጊዜ እኔም ከተማሪዎቼ ጋር ነቅያለሁ፣ የት እንደተከመረ ግን ዞር ብዬ አላየሁም ነበር።

ከዛ በኋላ አንድ ነገር ለራሴ ወሰንኩ፣ ያላየሁትን ነገር ስብሰባ ላይ አልናገርም። ቦት ጫማ ገዛሁ። ለያንዳንዱ አጀንዳ ቀድሜ አንድ ቀን ቦታው ላይ እሄዳለሁ፣ ካልሄድኩ ዝም። መጀመሪያ ሰዎቹ ኩራት መሰላቸው።

በጣም የምወደው ግን የመረቡ ነገር ነው። ጣና ውስጥ ሌላ የትም የሌሉ የነጭ አሳ ዝርያዎች አሉ፣ 15 ገደማ፣ ብዙዎቹ እንቁላላቸውን የሚጥሉት በክረምት ወንዝ ወጥተው ነው፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ግልገል አባይ ላይ። ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፣ መረብ የሚጠብቃቸውም እዛው ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ከመጣ ወዲህ ይሄ አሳ በጣም ነው የቀነሰው። ስለዚህ እኛ ምን ብለን ረቂቅ ጻፍን፣ በነዚህ ወራት ሐይቁ በሙሉ ይዘጋ፣ ጠባብ ዓይን ያለው መረብ የያዘ ይቀጣ። ንጹህ፣ አጭር፣ የሚያምር ምክረ ሀሳብ።

የአሳ አጥማጆቹ ጋሼ በዛን ቀን ፌስታል ይዘው ነው የገቡት። ተራቸው ሲደርስ ከፌስታሉ መረብ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት፣ የውሃ ጠርሙሶቹ ሁሉ ተንኳኩ፣ የደረቀ ቅርፊት ወረቀታችን ላይ ተበተነ። «መምህር፣ እስቲ ጣትህን አስገባ» አሉኝ። ሌባ ጣቴ ገባች፣ አውራ ጣቴ አልገባም። «ሰፊ ዓይን ያለውን ከየት ላምጣው? ሱቅ ያለው ይሄ ነው፣ እሱም በሁለት ክረምት ያልቃል፣ እናንተ እኔን ከምትቀጡ ሱቁን ለምን አትጠይቁትም?» ከዛ ቀጠሉና ቀረሶ (ሌላው የጣና አሳ፣ ቲላፒያ የሚባለው) እኮ ወንዝ አይወጣም አሉ፣ እዚሁ ዳር ዳሩን ነው የሚራባው፣ ሐይቁን በሙሉ ከዘጋችሁ ወንዝ ለማይወጣው አሳ ብላችሁ ነው ልጆቼን የምታስርቡት፣ የወንዙን አፍ ዝጉ። ከዩኒቨርሲቲ የመጡት ሁለቱ ተያዩ፣ አንደኛው ቀስ ብሎ «ልክ ናቸው» አለ። እኔ ይሄን አስተምረዋለሁ እኮ! የቀረሶን መራቢያ ፈተና ላይ አውጥቼዋለሁ፣ ረቂቁን ስጽፍ ግን ትዝ አላለኝም።

ረቂቁ ተቀደደና እንደገና ተጻፈ፣ የወንዝ አፎቹ በመራቢያ ወራት ይዘጉ፣ ቁጥጥሩ ከመረብ ሻጭ ይጀምር፣ ማህበሩ ሰፊ ዓይን ያለውን በጅምላ የሚያስመጣበት ብድር ይመቻች። የመጨረሻው ሆነ። የመጀመሪያው በሁለት ወንዝ ላይ ሆነ በሌሎቹ አልሆነም። የመሀለኛው እስካሁን «በሂደት ላይ» ነው።

ስለ ቃለ ጉባኤ ደግሞ ልንገራችሁ፣ ለአዲስ ገቢ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። የኛ ቃለ ጉባኤ ሁሌ የሚያልቀው «ጉዳዩ ትኩረት ተሰጥቶት እንዲሰራ አቅጣጫ ተቀምጧል» እያለ ነው። ማን ነው የሚሰራው? በማን በጀት? እስከ መቼ? የለም። አንድ አመት ሙሉ የኋላ ቃለ ጉባኤዎችን ወስጄ ቤት አነበብኩ፣ አንዱ ምክረ ሀሳብ በሶስት ስብሰባ ሶስት ጊዜ እንደ አዲስ ተወስኗል፣ ማንም አላስታወሰም። ከዛ በኋላ በየመጨረሻው እጄን አወጣና «ማን ይሰራዋል ተብሎ ይጻፍ?» እላለሁ። ጸሐፊዋ ጠላችኝ፣ ሰብሳቢውም እንደዛው፣ ግን ስም የተጻፈበት ነገር ቢያንስ የሚደወልለት ሰው አለው። የራሴን ደብተርም ያዝኩ፣ በግራ በኩል የተባለው፣ በቀኝ በኩል የሆነው። ቀኙ ብዙ ቦታ ባዶ ነው፣ ምን ላድርግ፣ አማካሪ ማለት የማይሰማህ ሰው ሲኖርም መምከር ነው።

ሌላ፣ የስብሰባ ቀን። ሁዳዴ ላይ ስብሰባ ጠርተን አሳ አጥማጆቹ ቀሩ ብለን እናማርር ነበር። በጾም እኮ ነው አሳ የሚፈለገው፣ አመቱን የሚይዙት በነዛ ሳምንታት ነው። እኔ ስብሰባ ብውል ደሞዜ አይቀነስም፣ ጋሼ ከዋሉ ግን የዛን ቀን ገቢ የለም፣ አበሉ ደግሞ ከሁለት ወር በኋላ ነው የሚደርሰው። ስለ አበል ማውራት ነውር የሚመስለው ደሞዝ ላለው ሰው ብቻ ነው። ቀኑን ከፋሲካ በኋላ አደረግነው፣ አበሉን በእለቱ ማድረግ ግን አልተቻለም፣ ሶስት ጊዜ ጠይቄያለሁ።

ያልሆነልን ትልቁ ነገር ባህር ሸሹ ነው። የሐይቁ ውሃ ከፍታ ስንት ላይ እንደሚቆም ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ባለው የጫራ ጫራ የውሃ መቆጣጠሪያ በር የሚወሰን ነው፣ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ወደ በለስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚሄደው ውሃም አለ፣ ይሄ ሁሉ ከኛ ጠረጴዛ ውጪ ነው። ገበሬውን አትረስ ብለን ጻፍን፣ ገበሬው ኮሚቴው ውስጥ ተቀምጦ እያየን «ታዲያ ምን ልረስ?» አለ፣ መልስ አልነበረንም፣ አሁንም የለኝም። ተቃውሞው በስሙ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲሰፍር አደረግኩ፣ የቻልኩት እሱን ነው።

ባለፈው ወር ጊዜዬ አለቀ። በኔ ቦታ የተተካችው ወጣት መምህርት ናት፣ ማክሰኞ ሻይ ቤት ተገናኘን፣ አራቱን ደብተሮች ሰጠኋት፣ ስላይድ ካለህ ላክልኝ አለችኝ። እግርሽ ስንት ቁጥር ነው አልኳት፣ ግራ ገብቷት አየችኝ። ሰላሳ ስምንት። የኔ ቦት ጫማ አርባ ሁለት ነው፣ አይሆናትም፣ ገበያ አብረን ሄድን።